ርብራቡ ደህና ነበር

አራዳ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን ፲፱፻፳ ዓ.ም.

ውድ ዘይኑዲን፣

ደብዳቤ የሚጀመረው «እንዴት ሰነበትክ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ተብሎ ነው። እኔ ደህና አይደለሁም፤ ላንተ የዋሸሁት ደግሞ እስካሁን ያለው ይበቃኛል። ስለዚህ ሰላምታውን ዝለለው። ይህን የሚያነብልህ ወሎና አራዳ እየተመላለሰ የሚነግደው ኡመር ነው። ጮክ ብለህ አንብብለት፣ ሰው ቢሰበሰብም አታቋርጥ ብዬዋለሁ። ኡመር፣ ጉሮሮህን ጥረግና ቀጥል።

እኔ ዐናጢ፣ አንተ ግንበኛ፣ ታናሽ ወንድሜ ሙሉዓለም ደግሞ ኖራ አቡኪ ሆነን ከጊዮርጊስ በታች የዚያን የአራዳ ነጋዴ ፎቅ ስንሠራ ነበር። ሰኔ ሲገባ ነጋዴው «ክረምቱ ሳይከብድ ጣራ ይድረስልኝ» እያለ መግቢያ መውጫ አሳጣን። ሙሉዓለም ምላሱ ስለት ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና ወንድሜ ነው ብዬ አልክድም። በሞቱ ዋዜማ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «የወሎ ግንበኛ ድንጋይ ከመደርደር ዱዓ መደርደር ይቀለዋል» እያለ አላገጠብህ። አንተም «ቆይ፣ አንድ ቀን ታገኛታለህ!» አልከው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ጥርቡ ድንጋይ ከእጅህ አምልጦ አናቱ ላይ ወረደ። ውሃ እንኳ ሳናደርስለት አለፈ።

እኔ «ዝቶበት ነበር፣ ገደለው!» ብዬ ጮህኩ። ዛቻህን ሃያ ሰው ሰምቷል፤ ምስክር አልቸገረኝም።

አሁን አንተ የማታውቀውን ልንገርህ። ግድግዳውን ስትገነባ የቆምክበትን የእንጨት ርብራብ ያሰርኩት በቆዳ ጠፍር ነበር። ጠፍር ደረቅ ሳለ እንደ ብረት ይይዛል፤ ዝናብ ሲጠጣ ግን ይላላል። ስለዚህ ዘንቦ ባደረ ቁጥር ዐናጢው በማለዳ ወጥቶ ቋጠሮውን ሁሉ ማጥበቅ አለበት። ይህ የኔ ሥራ ነው፤ የሌላ የማንም አይደለም። ያን ዕለት ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። እኔ ደግሞ እሪ በከንቱ ሰፈር ጠጅ ቤት አምሽቼ ራሴን ይፈልጠኝ ነበር። በርብራቡ ሥር ሦስት ጊዜ አለፍኩ። በሦስተኛው ቀና ብዬ አየሁት፤ አንተ በምትቆምበት በኩል ያለው ቋጠሮ ወርዷል፣ ሳንቃውም ወደ ውጭ አዘንብሏል። «ከምሳ በኋላ አጠብቀዋለሁ» አልኩ።

ሰይጣን አሳሳተኝ እንዳልል ሰይጣን እዚያ አልነበረም። እኔና ስንፍናዬ ብቻ ነበርን። ሰይጣን ካለም የመጣው በኋላ ነው። ሰው ሬሳውን ከቦ ሲያለቅስ እኔ ወጥቼ የላላውን ጠፍር ቆረጥኩ፣ በአዲስ አሰርኩ፣ አሮጌውን መቀነቴ ውስጥ ሸጎጥኩ። ከዚያ ወረድኩና ደረቴን እየደቃሁ አለቀስኩ። ዕንባዬ የእውነት ነበር፤ ይህንንም እመነኝ።

ዳኛ እስኪሰየምልን እንደ ደንቡ ቁራኛ ገባን። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት፣ የኔ ግራ እጅ ካንተ ቀኝ እጅ ጋር፣ አሥራ ሦስት ቀን ሙሉ። አራዳ መቼም ሰው አይምር! ገበያውን ስናቋርጥ አንዱ ቀልደኛ «ሙሽሮች! ቅልቅሉ መቼ ነው?» ብሎ ሲጮህብን አንተ ፈጠን ብለህ «ሚዜ አጥተን ነው፣ አንተ ትሆነናለህ?» አልከው። ገበያው ሁሉ ሳቀ። እኔም አመለጠኝና ሳቅሁ። ወንድሜ ከተቀበረ አምስተኛ ቀኑ ነበር፤ በሳቄ ተናድጄ ሰንሰለቱን ጎተትኩብህና አንጓህ ተላጠ።

እናቴ የልጇን ገዳይ ቤቷ ማሳደር ግድ ሆነባት። ለኔ በገበታ፣ ላንተ በቅል ታቀርብ ነበር። ደግነቱ የሐዋርያት ጾም ስለነበር የማን እርድ ይበላል የሚል ጭቅጭቅ አልገጠመንም። አንተ በየቀኑ «እመት ጽጌ፣ እጅዎ ይባረክ» ትላታለህ፤ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ስትሰግድ እኔም አብሬህ ጎንበስ ቀና እል ነበር፤ ሰንሰለቱ ምን ምርጫ ይሰጣል። እኔ ጊዮርጊስን ስሳለም ደግሞ አንተ ቅጥሩን ታከህ ትቆማለህ፣ እኔ እጄን እስከቻልኩት ዘርግቼ በሩን እስማለሁ።

አንድ ቀን እዚያው ቅጥር ሥር ተቀምጠን ሳለ ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

«ዘይኑዲን፣ በናንተ ሃይማኖት ሁሉም ተጽፏል ይባል የለ? የሙሉዓለም ሞት ተጽፎ ከነበረ አንተ ምን አጠፋህ?»

ላንተ ያዘንኩ መስሎህ ነበር። መሸሸጊያ የምፈልገው ለራሴ ነው።

«ቀኑ ተጽፏል፤ እጄ ግን የኔ ናት» አልክ።

«ሁለቱን እንዴት በአንድ አፍ ትላለህ?»

«ሼኻችን ሲያስተምሩን ዝናቡን የሚያዘንበው አላህ ነው፣ ቤትህን የምትከድነው ግን አንተ ነህ ይሉን ነበር። ሲያፈስብህ ሰማዩን አትክሰስ።»

ዝናብ ስትል መቀነቴን ጠበቅ አደረግሁ። አንተ ግን ወዲያው ወደኔ ዞረህ «የናንተ እግዜርስ? ሁሉን ከቻለ፣ ደግም ከሆነ፣ ያን ድንጋይ አየር ላይ ለምን አልያዘውም?» አልከኝ።

የኔታ ያስተማሩኝን እንደ ዳዊት ደገምኩልህ። ሰው በፈቃዱ እንዲኖር ተፈጥሯል፤ እሳትና ውሃ ቀርቦለታል፣ እጁን ወደወደደው ይሰዳል፤ እግዜር የሚወድቀውን ድንጋይ ሁሉ ቢይዝ ኖሮ ደግ ሰው የሚባልም ክፉ ሰው የሚባልም አይኖርም ነበር አልኩ። ጥሩ አድርጌ ነው የተናገርኩት። የሰው ፈቃድ፣ የሰው ጥፋት፣ የሰው ዕዳ እያልኩ፣ ጠፍሩ መቀነቴ ውስጥ ሆኖ ጎኔን እየቆረቆረኝ።

ጥቂት አሰብክና «እንግዲያው እኔና አንተ የምንለያየው በጾሙ ብቻ ነው» ብለህ ሳቅህ።

በዘጠነኛው ቀን ግን አልሳቅህም። ከዝናብ ተጠልለን ሳለ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ እንዲህ አልከኝ፦

«ካሣሁን፣ ድንጋዩ ሲለቀኝ እግሬ ሥር አንድ ነገር የከዳኝ ይመስለኛል። ግን እርግጠኛ አይደለሁም። በዚያች ቅጽበት ልቤ በወንድምህ ላይ ቂም ይዞ ነበር። ቁልቁል አይቼዋለሁ፤ እሱም ቀና ብሎ አይቶኝ ፈገግ ብሏል፣ ደሜ ፈልቷል። እግሬ ይሁን የከዳኝ ወይስ ልቤ እጄን አዟት ይሁን አላውቅም። ለዳኛ አልናገረውም፣ በራስህ ሃይማኖት ይዤሃለሁ፣ ለኔ ለነፍሴ ብቻ ንገረኝ። ርብራቡ ደህና ነበር?»

ዘይኑዲን፣ ስለ ነጻ ፈቃድ ስንከራከር የከረምነው ሁሉ በዚያች ጥያቄ ላይ ነው ያለቀው። ማንም አልያዘኝም። አልሰከርኩም፣ አልተጣደፍኩም። ዓይንህን እያየሁ «ርብራቡ ደህና ነበር» አልኩህ።

«እንግዲያው እጄ ነች» አልክ። ከዚያ በኋላ ስለ ሃይማኖት አንስተን አናውቅም።

በችሎቱ ቀን ጠበቃ ይሆንልህ የነበረውን ሰው አስቀምጠህ «ገድያለሁ» ብለህ አመንክ። ዳኛውም «ደሙ ያንተ ነው፤ ብትሻ ሞቱን ጠይቅ፣ ብትሻ ማር» አሉኝ። አንተ የጠረብከውን የሚያህል ድንጋይ ማጅራትህ ላይ አድርገህ እናቴ እግር ሥር ተደፋህ። እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ካሣም አልፈልግ፣ ስለ ጊዮርጊስ ብዬ ይቅር ለእግዜር!» አልኩ። እልልታው ቀለጠ። ሽማግሌዎቹ ግንባሬን ሳሙኝ፤ የደብሩ ቄስ በስብከታቸው አነሱኝ። አንተም ጉልበቴን ስመህ አለቀስክ። እኔ ለገደልኩት ሰው አንተን ይቅር አልኩህ፤ አራዳም እስከ ዛሬ ደጉ ካሣሁን ይለኛል። ክፋት አለ ወይ ብለው ለሚከራከሩ ሰዎች ብዙ ርቀው እንዳይሄዱ ንገርልኝ፤ መጋዝና መሮ ይዞ እዚህ ተቀምጧል።

ወደ አገርህ ወደ ወሎ ከተመለስክ ወዲያ ወሬህን ሳልሰማ ሁለት ዓመት አለፈ። ባለፈው ወር ኡመር መጣና እንደ ቀላል ነገር ነገረኝ። ዘይኑዲን ግንበኝነቱን ትቷል አለኝ። ድንጋይ አይነካም። እጮኛውን ዐፊፋን ለማግባት ቀን ተቆርጦ ሳለ «የሰው ደም ያለበት እጅ ነው፣ እሷን አልነካበትም» ብሎ ራሱ አፈረሰው፤ ልጅቱም ሌላ አላገባም ብላ ተቀምጣለች አለኝ። በቀኝ እጅህ ሰው እንደማትጨብጥም ነገረኝ። የጎዳህ ሐሜት ቢሆን ኖሮ፣ የሰው ጥላቻ ቢሆን ኖሮ፣ እግዜር ይይልኝ፣ አሁንም ዝም እል ነበር። ራስህን ገዳይ ብለህ መፍረድህን ግን አልቻልኩትም። ያንን ፍርድ የሰጠሁህ እኔ ነኝ።

የዚያኑ ዕለት ለእናቴ ነገርኳት። ጠፍሩን አውጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። ደርቆ ተጨማዷል፤ እየደጋገመች አገላበጠችው።

«ሙሉዓለሜን ማን ገደለው?» አለችኝ።

«እኔ።»

የምትመታኝ መስሎኝ ነበር። ብትመታኝ በቀለለኝ። ጠፍሩን ከጭኗ አንስታ መለሰችልኝና ምን አለች መሰለህ?

«ያ ልጅ እጅዎ ይባረክ ይለኝ ነበር። እኔ ጠዋትና ማታ እጅህ ይድረቅ እያልኩ ስረግመው ኖርኩ። እርግማኔ ይኸው ደረሰበት። አንተ ልጅ፣ ተነስና እርግማኔን አስመልሰህ አምጣልኝ። አይ፣ አንተን አላምንም። ራሴ እሄዳለሁ።»

ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ እንመጣለን፤ እሷ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ። በቅል ሳይሆን በገበታ አብራህ ልትበላ ምላለች፤ ቀኑ ጾም እንዲሆንም አስባበታለች። ከዚያ ተመልሼ ዳኛው ፊት እቆማለሁ፤ የሚፈርዱትን ይፍረዱ።

ጠፍሩን ኡመር ይሰጥሃል። በቀኝ እጅህ ተቀበለው። ርብራቡ ደህና አልነበረም፤ የከዳህ እግርህ ሥር ያለው የኔ ሳንቃ ነው። ልብህ ተቆጥቶ ነበር፣ እጅህ ግን ንጹህ ነች። ይህን ዐፊፋም ትስማ፣ አባቷም ይስሙ።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅርታ በኔ አፍ ረክሷል። ብትፈልግ ክሰሰኝ፣ ብትፈልግ ማረኝ፣ ብትፈልግ በርህን ዝጋብኝ። የተጻፈ ነገር የለም፤ ካለም እኔ አላነበብኩትም። እኔ ግን በዘመዶችህ ሁሉ ፊት ድንጋይ ማጅራቴ ላይ አድርጌ እደፋለሁ። ድንጋዩን አንተ ምረጥልኝ፤ ግንበኛው አንተ ነህ። አታሳንሰው።

ዐናጢው ካሣሁን