የኡበይደላ አልጋና የጣሊያኑ አናጺ

ይድረስ መርሳ ላሉት አባቴ ለረዲ ያሲን። አሰላሙ ዓለይኩም። ወገብዎ እንዴት ነው? እኛ አዲስ አበባ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስልክዎ ዝግ ነው ይላል፤ መቼም ቻርጅ ማድረግ አይወዱም። ስለዚህ ይህን ወደ መርሳ በሚሄድ ሹፌር ልኬያለሁ።

ትናንት እኔና እህቴ ዘይነባ ሙዚየም ሄድን። አንድ የጥንት ጣሊያናዊ ሠዓሊ የነደፋቸውን መሣሪያዎች በእንጨት ሠርተው ያሳያሉ። የሚበረውን መሣሪያ መጋጠሚያ እንደ እርስዎ በጥፍሬ ብሞክረው ዘበኛው ተቆጣኝ። ምስማር በዝቶበታል፤ እርስዎ ቢያዩት አፍርሰው ይሠሩት ነበር። የእንጨት ታንክም አለ። አስጎብኚው «መቼም ታንክ በቅርብ አይታችሁ አታውቁም» ቢለን፣ እኔና ዘይነባ ተያየን።

የገረመኝ ግን ሰውየው የጀመረውን አይጨርስም ነበር አሉ። ሥዕሉን በእንጥልጥል ትቶ ሌላ አገር ይሄዳል። ማንም አልሰደበውም፤ ይኸው አምስት መቶ ዓመት ሙሉ ሊቅ ይሉታል። እርስዎ ግን ጦርነቱ ቀርቦ እኛ ስንወጣ «የሰው አልጋ ሳልጨርስ ንቅንቅ አልልም» ብለው ቀሩ።

ዘይነባ ሰላም ትልዎታለች። አልጋውን ያዘዘው ኡበይደላም ሰላም ይልዎታል። እሱም እዚሁ ገብቶ ባለፈው ጁምዓ አገባ። ፍራሽ ላይ ነው የሚተኙት፤ እጅግ ተመችቶናል ብሏል።

አላህ በዓፊያ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

ልጅዎ ኢብቲሳም