ገደል የሚሻገር ድምፅ

ኅዳር 5፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ዛሬም በጀርባቸው አስተኛኋቸው። ሰባት ሰው፣ በጣሊያኑ ሻምበል፣ በካፒታኖው፣ የእህል መጋዘን ወለል ላይ፣ በየሆዳቸው ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ። ድንጋዩ ከፍ ዝቅ ካለ ትንፋሹ ከሆድ ነው። ካላለ ከደረት ነው፤ በደረት ትንፋሽ የሚዘፍን ሁለት ስንኝ ሳይዘልቅ ያልቅበታል። አዲስ አበባ ት/ቤት ሳለሁ ለልጆች የማስተምረው ይህንኑ ነበር። አሁን ለጣሊያን። መጋዘኑ የአይጥ ኩስ ይሸታል። እኔም የምሸት ይመስለኛል።

ደብተሬ፣ አንድ ጊዜ ልንገርሽና ይውጣልኝ። ከተማው ሲያዝ ወደ እናቴ አገር፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። ንዳድ ጣለኝ። ኪኒን ያለው ካፒታኖው ዘንድ ብቻ። ሰጠኝ። የዜማ መምህር መሆኔን ሲሰማ ሥራም ሰጠኝ፦ ንግግሩ ሁሉ በዜማ የሆነ ቴአትር። ሽፍታ እጁን ሲሰጥና መንግሥትን ሲያመሰግን። እሺ አልኩ። ማንም አልገረፈኝም። እሺ አልኩ፣ በቃ።

ኅዳር 9

ሽፍታውን የሚጫወተው ሸዋንግዛው የሚባል የቀወት ገበሬ ነው (ከእንግዲህ ሸ. እለዋለሁ)። ከማሽላ ማማው ላይ፣ ወፍ ሲጠብቅ ነው አንስተው ያመጡት። ድምፁ እንደ ነጎድጓድ፤ ጆሮው እንደ ግንድ። ካፒታኖው በሰጠኝ ሃርሞኒየም፣ በወናፍ በሚነፋው የዜማ ሣጥን፣ አንድ ድምፅ ይዤ እጠብቀዋለሁ፤ እሱ ሌላ አገር ይሄዳል። የመረጠው ካፒታኖው ራሱ ነው። ከስንት ሰው መሀል እሱን ለምን? አልገባኝም።

የካምፑን ልብስ የምታጥበው እትዬ ዘይነባም አለች። መንዙማ ስታንጎራጉር ሰምተው ከገንዳው ላይ አስነሷት። ሃርሞኒየሙን አንዴ ሰምታ ፊቷን አጨፈገገች። ይህ ሣጥን ይዋሻል፣ ወላሂ፣ አለችኝ። ሞከርኩት። እውነቷን ነው፤ ከውስጥ ድምፅ ከሚያወጡት የብረት ምላሶች አንዱ ተንሻፏል። አራት ዓመት ዜማ የተማርኩት እኔ አልሰማሁትም ነበር።

ኅዳር 20፣ ሊመሽ ሲል

ሣጥኑን ዘጋሁት። እትዬ ዘይነባ አፏን ገጥማ እንድታንጎራጉር፣ ሸ. ደግሞ አንድ ጆሮውን በመዳፉ ሸፍኖ እንዲፈልጋት አደረግሁ። ፈለጋት። ከላይ አለፋት፣ ከታች አለፋት፣ ከዚያ ገጠመ! እሱ ራሱ ደነገጠ፤ ሰው የጠፋበትን በሬ ድንገት ጓሮው ሲያገኘው እንደሚደነግጥ።

ደስ አለኝ። ከዚያ የሚዘፍነውን ቃል ሰማሁ፦ «ወረድኩ ከዱሩ፣ እጄን ሰጠሁ።» ለዛሬ ይበቃል ብዬ አሰናበትኳቸው። ቃሉን የገጠምኩት እኔ ነኝ። ቤት እንዲመታ ሁለት ቀን ደክሜበታለሁ።

ታኅሣሥ 2

ካፒታኖው (ካ/ኖው) መጣ፤ አስተርጓሚው ተክሉ ከኋላው። ካ/ኖው ብርቱካን እየላጠ ልጣጩን ተማሪዎቹ እግር ሥር ይጥላል። ስለ ዜማው አልጠየቀም። ምቱን ይጠብቃሉ ወይ፣ ቃሉ ይሰማል ወይ፣ ምንም። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ የዚህ ሰውዬ ድምፅ የት ድረስ ይሄዳል?

ሸ.ን ወደ ሮቢ ወንዝ ወሰዱት። አንድ ወታደር ከማዶ ቆሞ፣ ቃሉን ለይቶ ከሰማ ጨርቅ ያውለበልባል። ጨርቁ ተውለበለበ። ራቅ አለ፤ ተውለበለበ። ኮረብታው ጫፍ ደረሰ፤ አሁንም። ካ/ኖው ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ፣ በብርቱካን እጁ። ቤት ገብቼ ጀርባዬን በአመድ ፈተግሁት።

ታኅሣሥ 4

ቴአትር የለም፣ ደብተሬ። ኖሮም አያውቅም።

እትዬ ዘይነባ የታጠበ ሸሚዝ ልትመልስ ገብታ፣ ተክሉ ለአንድ ባንዳ ሲያወራ ሰማች። የሸ. ታላቅ ወንድም ከማጀቴ በላይ ያለው ገደል ውስጥ የመሸጉት አርበኞች አለቃ ነው። ከገና ማግሥት ሸ.ን ከገደሉ ፊት ለፊት ያቆሙታል። ይዘፍናል። ወንድሙ ድምፁን ያውቃል፤ ምሕረት የተገኘ መስሎት ይወርዳል። መትረየሱ ከታች ተጠምዶ ይጠብቀዋል።

«መምህር፣ እኛ እኮ ወጥመድ ስንጠርብ ነው የሰነበትነው» አለችኝ።

ለሸ. ነገርኩት። ድንጋዩን ከሆዱ አንስቶ ወለሉ ላይ አኖረ። ከዚያ፦

«ጋሼ፣ አንቱ ነዎት ያወጡት። አንቱ መልሰው ይክተቱት።»

«ምኑን?»

«ድምፁን።»

ታኅሣሥ 10

ድምፁ እንዲሰበር፣ ከልክዬው የነበረውን ሁሉ አሁን አስተምረዋለሁ። ከጉሮሮ ጩኽ። አንገትህን ገትር። ትንፋሽህ ሲያልቅ አታቁም፣ ጨምር። ውሃ አትጠጣ። በርበሬ ከሰል ላይ ጨምሬ ጢሱን ሳብ እለዋለሁ። እሱ ይስባል። እንባው ይወርዳል። እንደገና፣ እለዋለሁ።

በር ላይ ያለው ጠባቂ ትጋታችንን ሲያይ ራሱን ይነቀንቃል። ተክሉ ገብቶ ጎበዝ፣ በርቱ አለን። ዛሬ ሸ. ምራቁን ተፋ። ደም አለው። በእግሬ አፈር መለስኩበት። ከዚያ ደግሞ እንደገና አልኩት። ይህን «እንደገና» ማለቴን ነው ልሸከመው ያልቻልኩት።

ታኅሣሥ 13

አለቀ። ከአፉ የሚወጣው የገለባ ኮሽታ ነው። ሐኪማቸው በትንሽ መስታወት ጉሮሮውን አየና፣ ወር ይፈጅ ይሆናል፣ ላይመለስም ይችላል አለ። ካ/ኖው የጉሮሮ በሽታ ነው ብሎ አመነ። ቀንዱ እንደ ተሰበረ በሬ ገፍትሮ አሰናበተው።

ሸ. ሲሄድ እጄን ሊስም ጎንበስ አለ። ሸሸሁት። ሊናገር ሞከረ፤ ከንፈሩን አይቼ ነው የገባኝ፦ ተመስገን ነው ያለው። በወር ያቀናሁትን በሳምንት አፈረስኩት፤ ምስጋና ደግሞ ተጨመረልኝ። ከርሞ ማማው ላይ ወፉን በምን ድምፅ ሊያባርር ነው?

ታኅሣሥ 17፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ካ/ኖው አስጠራኝ። ፊቱ ብሩህ። አንተ ራስህ ትዘፍናለህ አለኝ፣ በተክሉ አፍ። ድምፁን የሠራኸው አንተ ነህ፤ አስመስለው። ከማዶ ማን ይለየዋል? በኋላ አዲስ አበባ ት/ቤት ይሰጥሃል። ኪኒንም አይቋረጥብህም።

እሺ አልኩ።

ደብተሬ፣ አፌ ነው ያለው፤ ሳላዘው። እንደዚያ እንደ መጀመሪያው ቀን። ወጥቼ ከአጥሩ ሥር አስመለሰኝ። የወጣው የጠላት ዱቄት ነው፤ ጠላታቸው ልበል ጠላታችን? ይኸው፤ እነማን እንደ ሆኑ፣ እኔ የማን እንደ ሆንኩ እንኳ መጻፍ ተሳነኝ።

ታኅሣሥ 18፣ ጧት

ለእትዬ ዘይነባ ሁሉንም ነገርኳት፤ እሺ ማለቴንም። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ልብስ መጭመቋን ሳታቆም፣ ማጀቴ እህት አለችኝ አለች። አህያዋን ማሽላ ጭና በጀውሃ በኩል ብትሄድ ሁለት ቀን ነው። ገበያተኛን ብዙ አይፈትሹም። ከአህያ ኋላ የሚነዳ ሰው እንደሚያስፈልጋት ነግራኝ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺስ? መመለሻ የለሽም እኮ» አልኳት።

«የካፒታኖው ሸሚዝ ገንዳ ውስጥ ይበስብስ፣ አላህ ያውቃል» አለች።

ታኅሣሥ 18፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

ሙቀቱ ካምፑን አስተኝቶታል። ካ/ኖው ያንኮራፋል፤ ከዚህ ይሰማል።

ኪኒኑን ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። ንዳዱ መንገድ ላይ ሊነሳብኝ ይችላል። ይነሳ። እትዬ ዘይነባ አህያዋን ጭና ከግራሩ ሥር ቆማለች። ደብተሬ፣ አንቺ ማሽላው ውስጥ ትደበቂያለሽ።

ገደሉ ስንደርስ ለአለቃው ወጥመዱን እነግረዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ነገር። ስለ መትረየሱ አፌን ከመክፈቴ በፊት፣ የወንድሙን ድምፅ የሰበርኩት እኔ መሆኔን እነግረዋለሁ። ከዚያ በኋላ ቃሌን ቢያምን ይመን፤ ቢተኩስብኝም ይተኩስ።