ለፈጠም ዋናተኞች ስለተቆረጠው የሰዓት ልክ

ለተከበሩ የቡሬ ሹም፣ ለሲኞር ኮማንዳንት፤

እንደምን ሰነበቱ? የደጋችን ብርድ ደረትዎን፣ የሰዉም ነገር ልብዎን እንዳያሳምምዎ እመኛለሁ። እኔ ግን ዕረፍት የለኝም፤ ተቀመጥሁ ስል እነሣለሁ፣ ተነሣሁ ስል ደጅ ደጁን አያለሁ። ፊደል የቆጠርሁት ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ ነውና ጽሑፌ ቢንጋደድ ይታገሡኝ። ገበያተኛውም እንዲያነበው ከዋርካው ላይ ለጥፌዋለሁ።

በፊታችን እሑድ በፈጠም ወንዝ ላይ የዋና ውድድር እንደሚደረግ፣ ያሸነፈም አንድ እስረኛ ዘመዱን እንደሚያስፈታ በገበያ አስነግረዋል። ስለ ቸርነትዎ እናመሰግናለን፤ ያሰሩም እርስዎ፣ የሚፈቱም እርስዎ ነዎትና ምስጋናችን በሁለት ቦታ አልተበተነም። ልጄ ዳኘውም አባቱን ታከለን ሊያስፈታ ወንዝ ወረደ። ዳሩ ግን ወደ ውድድሩ የሚገባው በሰዓትዎ ልክ የተሻገረ ብቻ ነው ተብሎ ዋናተኞቹ ትናንት ተፈተኑና ከሽማግሌው ከአባ እጅጉ በቀር ሁሉም ወደቁ።

፩ኛ፤ ልጆቻችን የዘገዩት ዋና ስላጡ አይደለም። በአገራችን ወንዝ ሲሞላ መጀመሪያ ሽማግሌ ገብቶ ውሃውን ይሞክራል፤ እሱ ዳር ሳይወጣ ታናሽ አይቀድመውም። ስለዚህ አባ እጅጉ እያቃሰቱ ሲሻገሩ፣ ጎረምሶቹ ሁሉ ከኋላቸው ውሃ እየቀዘፉ በአክብሮት ቆዩ። ወታደርዎ ይህን ስንፍና ብሎ መዘገበው።

፪ኛ፤ በእርስዎ ልክ መሠረት እንግዲህ የአውራጃው ብርቱ ዋናተኛ አባ እጅጉ ናቸው። ጉልበታቸው ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም እንኳ አያደርሳቸውም፣ እስረኛ ዘመድም የላቸውም። እኔ የገባሁት ልጆቹን ልመርቅ ነው እንጂ ልሽቀዳደም አይደለም ብለው ቢምሉ፣ አስተርጓሚዎ ሆዱን ይዞ ሳቀባቸው።

፫ኛው ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። ዳኘውን ከእሑድ በፊት ብቻውን፣ ሽማግሌ ከፊቱ ሳይኖር ይፈትኑልኝ። እንዳይጠብቅ እኔ እናቱ አዝዠዋለሁ፤ ነውሩን በእኔ ላይ ያድርጉት።

ወንዛችንን በሰዓት ለማስተማር ለደከሙት ድካም እጅ እየነሣሁ፣

የታከለ ሚስት፣ የዳኘው እናት፣
ወለተ ጊዮርጊስ

ሳልጽፈው የቀረ፤ ከእስር ቤት ለመውጣትም የተቆረጠ የሰዓት ልክ ካለ እባክዎ ያስነግሩልን። ባለቤቴ ሳይጠየቅና ሳይፈረድበት ሁለት ክረምት ተቀምጧልና፣ ያንን ልክ እንኳ ሳያሟላ አልቀረም።