ገብስ ጭና ስለቆመችው መኪናና ስለ ቀይ መብራቷ፣ ለኮሚቴያችን ሊቀመንበር

ይድረስ በደብረ ታቦር የዘር ማመላለሻ ኮሚቴ ሊቀመንበር ለሆኑት፣ ለተከበሩ ጓድ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ቤተሰብዎስ? ይልቁንም በስብሰባ ብዛት የተጎዳው ወገብዎ እንዴት ዋለ? እኔ ከአሥራ አንድ ቀን እስር በቀር ደህና ነኝ። ባለፈው የሒስና ግለ ሒስ መድረክ ላይ «የተሰማውን የማይናገር የአብዮቱ ጠላት ነው» ብለው ስላሳሰቡን፣ ጠላት እንዳልባል ፈርቼ ይህን ደብዳቤ በጽሕፈት ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ለማያውቀኝ አንባቢ፣ የኮሚቴው ብቸኛ የጭነት መኪና ሾፌር አለሙ ነኝ።

ግንቦት 12 ቀን 1976 ዓ.ም. ለክምር ድንጋይ አካባቢ ገበሬዎች የሚታደል የገብስ ዘር ከባሕር ዳር ጭኜ ስመለስ፣ ሐሙሲትን እንዳለፍኩ ከመሪው ፊት ካሉት መብራቶች ቀይዋ ቦግ አለች። ይህች መብራት የምትበራው የሞተሩ ዘይት በሚገባ አይገፋም ለማለት ስለሆነ፣ ወዲያው ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁና ዘይቱን ለካሁ። ሙሉ ነው። ቀስ እያልኩ ደብረ ታቦር ገብቼ መካኒኩን አብዱን ጠራሁት። አብዱም ከሞተሩ ጎን የተሰካችውን፣ የዘይቱን ግፊት ለመብራቷ የምታሳብቀውን አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ፈታና በቦታዋ የግፊት መለኪያ አሰረ። ሞተሩን ብናስነሣው ግፊቱ ምንም አልጎደለውም።

«ሞተሩስ ደህና ነው፤ ውሸታሟ ይቺ ናት» አለኝ ዕቃዋን በመዳፉ ይዞ።

ዝናቡ ሳይቀድመን ዘሩን እናድርስ፣ ዕቃዋም እስክትገኝ ሽቦዋ ተነቅሎ ይቆይ ብለን ለእርስዎ አመለከትን። ከዚያ ወዲያ የተዋለልን ውለታ ብዙ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

1ኛ/ ማመልከቻችንን ሁለት ሳምንት አሳድረው ሰባት አባላት ባሉት ጉባኤ ስላስመረመሩልን አመሰግናለሁ። ከሰባቱ አንድም መኪና መንዳት የሚያውቅ ስላልነበረ፣ ውይይቱ ከማናቸውም ወገንተኝነት ነጻ ነበር። አንደኛው ጓድ «መብራቷ ስለ ምን ቀይ ሆነች?» ብለው ጠየቁ። አብዱ «ከተሠራች ጀምሮ እንዲህ ናት፣ ጓድ» ቢላቸው፣ ቀይን ለማጥፋት የተቻኮሉ ሰዎች ስም እንዲመዘገብ አዘዙ። ተመዘገብን።

2ኛ/ ሽቦ መንቀል ማስረጃ ማጥፋት መሆኑን ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ጉባኤው እንዲገባው ብሎ አብዱ በፊታችሁ ሽቦዋን ሲነቅል መብራቷ ጠፋች፤ ሲመልሰው በራች። ደግሞ አሳየ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያሳይ «አሻጥሩን በዓይናችን አየን» ተባለና እጁን ተያዘ። እኔም «ሾፌሩ እያየ ዝም ብሏል» ተብዬ ተከተልኩት። ባለቤቴ ዘነበች ምሳ ባመጣች ቁጥር፣ የመኪና ዕቃ እንዳይገባ ዘበኛው ሽሮውን በማንኪያ እያማሰለ ይፈትሽ ነበር። ሽሮው ሳይጓጉል የደረሰን በእርሱ ብርታት ነው።

3ኛ/ መብራቷ በራሷ ጊዜ ትጠፋ እንደሆነ ለማጥናት፣ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ፣ ታዛቢ ከፊቷ ተቀምጦ በየሰዓቱ «በርታለች» ብሎ እንዲጽፍ ስላደረጉ ምን ቃል ይበቃኛል? ሞተሩ ባልተነሣ መኪና ላይ ይህች መብራት ጤነኛም ብትሆን እንደምትበራ የጠየቀ ስላልነበረ የነገረም አልነበረም። ጥናቱ በተጀመረ በአምስተኛው ቀን መብራቷ ደከመች፣ ፈዘዘች፣ ጠፋች። ባትሪው አልቆ መሆኑን ከእስር ቤቱ መስኮት ጮኼ ለመናገር ብሞክርም፣ በጭብጨባው ምክንያት ድምፄ አልተሰማም። «በኮሚቴው ያላሰለሰ ክትትል ቀይዋ መብራት ጠፍታለች» የሚል ሪፖርት ወደ ጎንደር ተላከ። ችግሩ ስለተፈታም በአሥራ አንደኛው ቀን እኛ ተፈታን።

4ኛ/ መኪናዋ ግን አልነሣ አለች።

የቀረውን ያለ ቁጥር ልንገርዎ፤ የእርስዎ እጅ ስለሌለበት። አብዱ ከእስር እንደወጣ ቤቱ እንኳ ሳይገባ፣ መንገድ ዳር ከተጣለ አሮጌ መኪና ላይ ያችን የምታህል ዕቃ ፈትቶ አምጥቶ ገጠመ። የገበያ ሰው ገፍቶልን ሞተሩ ሲነሣ መብራቷ ለቅጽበት በርታ ጠፋች። ሥራው አንድ ሲጋራ ከማጨስ የሚፈጥን ነበር። ሸራውን ገልጬ ጭነቱን ሳይ ግን፣ ዝናብ የገባባቸው ኩንታሎች አብቅለው ጆንያውን በስተው ወጥተዋል። በመኪና ላይ ገብስ ያበቀለ የመጀመሪያው ኮሚቴ በመሆናችሁ እንኳን ደስ አላችሁ።

የተረፈውን ይዤ ክምር ድንጋይ ስደርስ ሰኔ ተጋምሷል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸውና አራት ልጆች የሚያሳድጉ ሴት በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ስለነበሩ ከደጃቸው ቆምኩ። ማሳቸው ተዘርቷል።

«በምን ዘሩት፣ እማማ?» አልኳቸው።

«በቀለባችን ነዋ! መሬቱ ይጠብቀናል እንዴ?»

ለክረምቱ ለልጆቻቸው ያኖሩትን እህል ነው የዘሩት። የዘገየሁበትን ምክንያት አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙኝና፣

«ለመሆኑ መብራቷ ጠፋችላችሁ?» አሉ።

«አዎ፣ ጠፋች።»

«እሰይ! እንኳን ጠፋችላችሁ፣ ልጄ» አሉኝ።

ከልባቸው ነበር። እኔ ይህን የምጽፈው አሽሙር ለምዶብኝ ነው፤ እርሳቸው ግን ከልባቸው ነበር። መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ያዝኩ። ተመልሼ ወረድኩና፣ ካልበቀለው ሁለት ኩንታል ያለ ማንም ፊርማ ከቤታቸው አስገባሁ፤ ይብሉት። ይህን ግለ ሒስ አድርገው ይመዝግቡልኝ። ስሜን ስለምታውቁት አትቸገሩም።

ለወገብዎ ጤና፣ ለስብሰባዎችዎም እጥረት ዘወትር የምመኝልዎ፣ ከመዝገብዎ ያልጠፋሁ ታዛዥዎ

አለሙ፣ የጭነት መኪና ሾፌር
ሐምሌ 3 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ደብረ ታቦር

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ጠዋት በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ የቆመችው የእርስዎ መኪና ከሥሯ ዘይት ተዘርግፎ ኩሬ ሠርቷል፤ ዶሮዎች እየዞሩት ነው። ሾፌርዎ ሲያስነሣት አይቼ ሮጬ ነገርኩት፤ ከፊቱ አንድም መብራት እንዳልበራ አሳይቶኝ ሄደ። ስለዚህ በኮሚቴያችን አሠራር መሠረት መኪናዎ ፍጹም ጤነኛ ስለሆነች፣ መልካም ጉዞ እመኝልዎታለሁ።