ለጋሽ ሚፍታህ የተለቀቀው መንገድ

ለምወድሽ እናቴ፤

አሰላሙ አለይኩም እማ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ቀለል አለሽ? ያ የሚያጣድፍሽ ሳል ተወሽ ወይ? ላሚቱ፣ የጓሮው እንሰት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ሰውነታችን ጤና ነው። ልባችን ግን ጤና አይደለም፤ ወረቀት ያነሳሁትም ለዚሁ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ አንቺ ስፒከር ላይ አድርገሽ ሰፈሩን ሁሉ ታሰሚያለሽ። ጓደኛዬ ሶልያና ወደ አገር ስለምትገባ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ፤ እህቴ ሰሊማ በሩን ዘግታ ታንብብልሽ።

ባለፈው ስትደውዪ ድምፅሽ ከሩቁ ይስቅ ነበር። የጋሽ ሚፍታህ እናት እትዬ ሸፊቃ፣ ልጄ የመኪና ውድድር ዋንጫ ወሰደ ብለው በግ አርደው ሰፈሩን አበሉ አልሽኝ። አንቺም በልተሽ፣ መርቀሽ ተመልሰሻል። ቀጥለሽ የኛስ ሙዘሚል አብሮት አይደል የሚነዳው፣ ስንተኛ ወጣ ስትዪኝ ወሬ ለውጬ ስለ ሳልሽ ጠየቅሁሽ።

እንግዲህ ስሚ። ዋንጫው የልጅሽ የሙዘሚል ነበር።

ይህ ውድድር በቴሌቪዥን እንደምታዪው ጎማው ወደ ውጭ የወጣ፣ መሬት የሚልስ መኪና አይደለም። ሰው ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስበት ዓይነት የቤት መኪና ነው፤ ውስጡን ነቃቅለው፣ ብረት አጥረውበት ያሯሩጡታል። ዓመቱን ሙሉ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ነጥብ ይሰበስቡና መጨረሻ ላይ አንዱ ሹፌር ዋንጫ ይወስዳል። ጋሽ ሚፍታህ የቡድኑ ባለቤት ነው፤ አንዱን መኪና ራሱ ይነዳል፣ ሌላውን ለሙዘሚላችን፣ ለሙዜ ሰጠው። አልክድበትም፣ ከከተማው ዳር ኦሬንጅ ፋርም፣ ሱቅ ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ዳቦ ይሸጥ የነበረን ልጅ ሹፌር ያደረገው እሱ ነው። አባባ የሞተ ጊዜም እዚህ ለቅሶ አብሮን የተቀመጠ እሱ ነው።

የመጨረሻው ውድድር እዚሁ ጆበርግ ነበር። የጀፕስታውን የአገራችን ሰው ነጋዴው ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ወጣልሽ! ሁለቱ በነጥብ እኩል ስለነበሩ ከሁለቱ ቀድሞ የገባው ዋንጫውን ይወስዳል። ሙዜ ቢያሸንፍ የከርሞ የሹፌርነት ወንበሩ የማይነቃነቅ ነበር፤ ስፓዛ የሚሉትን የሰፈር ሱቅ ዳግመኛ አያይም።

ሙዜ ከፊት፣ ጋሽ ሚፍታህ ከኋላ። እኔ የቆምኩት መካኒካቸው ማናሴ አጠገብ ነው፤ የሆሳዕና ልጅ ነው፣ በሬዲዮ የሚያወራቸው እሱ ነው። መጨረሻው ዙር ላይ ጋሽ ሚፍታህ ልለፍ ሲል ከኋላ መብራት ብልጭ ብልጭ አደረገበት። ማናሴ፣ ዝጋበት ሙዜ፣ ዝጋበት ወንድሜ፣ እዚህ ጋሼ የሚባል የለም እያለ ይጮሃል። የኔ ወንድም ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ልክ ትልቅ ሰው ሲገባ ከወንበር እንደምንነሳው፣ ጥግ ይዞ አሳለፈው። ማንም አላዘዘውም። ማናሴ የጆሮ ማዳመጫውን መሬት ላይ ወርውሮ፣ ይሄ ልጅ ለቅሶ ቤት የገባ መሰለው እንዴ አለ።

በኋላ ስጮህበት፣ በአባባ ለቅሶ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው መንገድ ሲለምነኝ ልከልክለው ወይ አለኝ።

የሚያንገበግበኝ እሱም አይደለም። ጋሽ ሚፍታህ ዋንጫውን አቅፎ ፎቶ ሲነሳ ሙዜ ይጠራኛል ብሎ ፀጉሩን አበጥሮ ቆሞ ነበር። አልጠራውም። በሳምንቱ ግን ቢሮው አስጠራውና፣ አንተ ጨዋ ልጅ ነህ፣ ጨዋነት ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ መንገድ የሚለቅ ሹፌር ምን ያደርግልኛል አለው። መንገዱ የተለቀቀው ለራሱ አይደል? በወንበሩ ላይ አንድ የዚህ አገር ጎረምሳ ተቀምጦበታል። በልምምድ ቀን የራሱን የጋሽ ሚፍታህን መኪና ጎን ገጭቶ አለፈ አሉ። እሱም፣ እንዲህ ነው ወንድ ብሎ አጨበጨበለት።

ሙዜ ኦሬንጅ ፋርም ተመልሷል። ከጀፕስታውን የሱቅ ዕቃ ባኪ በሚሏት ፒክአፕ ጭኖ ያመላልሳል። ባለፈው ቅዳሜ አብሬው ስሄድ ሮቦት ያዘን፤ የትራፊክ መብራቱን እዚህ እንዲያ ነው የሚሉት። ከኋላችን ክላክስ ጮኸ። በመስታወት ሳይ ጋሽ ሚፍታህ! ዛሬስ አትነቃነቅ አልኩት፣ በአባባ ስም ለምኜው። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ግራውን ጥግ ይዞ አሳለፈው፣ እጁንም ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አለው። ሰውየው መስኮቱን እንኳ ዝቅ አላደረገም። ወንድሜን እያለቀስኩ ሰደብኩት። ምን ላድርግ ሪሀና፣ እጄ ራሱ ነው የዞረው አለኝ።

እማ፣ ከእትዬ ሸፊቃ ጋር ተጣዪ አልልሽም፤ እሳቸው ምን ያውቃሉ። ለዚያ ዋንጫ ግን ሁለተኛ እንዳትመርቂ።

ለአጎቴ፣ ለባለቤቱና ለልጆቹ ሰላም በዪልኝ። ሰሊማን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ይህን ስታነብ ድምፅዋን ዝቅ ታድርግ። ሙዘሚል ደህና ነኝ በያት ብሏል፤ አትመኚው። የሰሊማን ልጅ ጣሃን ደህና አድርገሽ እቀፊልኝ። ትልቅ ሰው ሲገባ ከወንበር አታስነሺው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። አስነሺው እማ። ሲነሳ ግን ወንበሩ የራሱ እንደነበር ይወቅ።

ልጅሽ ሪሀና
ጆሃንስበርግ፣ ጀፕስታውን
ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.