ዋስ እስከ ዓርብ

ሰኞ
ተቀጠርኩ፤ ግን ገና አልተቀጠርኩም። ጠዋት መገናኛ ካለው የግንባታ ዕቃ አስመጪ ተደወለልኝ፤ በጁኒየር አካውንታንት ፈተናው አንደኛ ወጥቻለሁ። በሩጫ ሄድኩ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ቁጭ በይ እንኳን ሳትለኝ "ዋስ አለሽ?" አለችኝ። የገንዘብ ሳጥን ስለሚኖረኝ ነው። ዋሱ ቋሚ ሠራተኛ፣ ደመወዙ ከኔ የማያንስ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያመጣ። እስከ ዓርብ። አለዚያ ሁለተኛ የወጣውን ልጅ ይጠሩታል።

ዴቢትና ክሬዲት ስማር ኖሬ ሰው እንደሚያስፈልገኝ የነገረኝ አስተማሪ የለም። ደግነቱ አጎቴ ጴጥሮስ አለልኝ፤ የእናቴ ወንድም፣ የመንግሥት ሠራተኛ። ከሱ ሌላ አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ የለኝም። ነገ መሪ ሰፈር፣ ቤቱ እሄዳለሁ።

ማክሰኞ
እምቢ አለ። "አይሆንም ልጄ፣ ሌላ ሰው ፈልጊ።" ለምን እንደሆነ አይናገርም፤ ዓይኑን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክሎ ቀረ። ሚስቱ እትዬ ወርቄ ሳህኑን ፊቴ ዘጭ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። አስተማሪ ናት፤ ቤቷም እንደ ክፍሏ ነው፣ ትንፍሽ አይባልም።

ከሆሳዕና ስመጣ "አጎትሽ አለልሽ" ብለው ነበር የሸኙኝ። እንዲህ ነው እንግዲህ አለልኝ ማለት።

ረቡዕ
እንጦጦ ወጣሁ። ሳሚ የክፍሌ ልጅ ነበር፤ አሁን ፓርኩ ውስጥ ካፌ ካሸር ነው። በዲግሪው ማኪያቶ ይሸጣል። "ሲሪየስሊ፣ እኔ ራሴ ኮንትራት ነኝ፤ ለኔም ዋስ ካገኘሽ ንገሪኝ" አለኝ። ሳቅን። ከሱ ስለይ ሳቁ ጠፋ።

በእግሬ ስመለስ ራጉኤል ደጃፍ ሰው ይሳለማል። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ቢሆንም ቆምኩ። ቋሚ ሠራተኛ ስጠኝ ብሎ መጸለይ ያሳፍራል፤ ጸለይኩ።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። "አጎትሽን አታስቸግሪው" አለች። ምን የምታውቂው ነገር አለ ስላት ኔትወርክ የለም ብላ ዘጋችው። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

ሐሙስ
እትዬ ወርቄን ባሏን እንድታግባባልኝ ልለምናት ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። በእረፍት ሰዓት ወጣች፤ እጇን ጠመኔ ነክቶታል።

"ማርቆስ ደህና ነው?" አለችኝ መጀመሪያ። ወንድሜ ነው፣ ደቡብ አፍሪካ ያለው። ደህና ነው አልኳት።

"መንገዱን በምን ገንዘብ እንደሄደ ነግረውሻል?"

በቁጠባው፣ አልኩ። እንደዚያ ነበር የሰማሁት። ለካ ሲኤምሲ አንድ ሱቅ ካሸር ሆኖ ሲሠራ ሽያጩን ጠቅልሎ ነው የጠፋው። ዋሱ አጎቴ ነበር። ፍርድ ቤት ወሰነበት፤ እስካሁን በየወሩ ከደመወዙ ይቆረጣል።

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "አንድ ቤተሰብ ስንት ጊዜ ይበላናል?" አለችኝ።

ለማርቆስ ደወልኩለት። "ያለፈ ነገር ነው፤ አንቺ ምን አገባሽ?" አለኝ። ዘጋሁበት። ዶርም ሳለሁ ልብስ የሚልክልኝ እሱ ነበር። ጓደኞቼን የማስቀናው በሱ ነበር።

ዓርብ
ሌላውን ልጅ ጥሩት ልላቸው ሄድኩ። እትዬ ወርቄ የቢሮው በር ላይ ቆማለች፣ ደብዳቤ ይዛ። ከትምህርት ቤቷ አስጽፋ ነው። "ግቢ" አለችኝ።

ብዕሩን ካነሳች በኋላ ዞር አለች። "አምኜሽ እንዳይመስልሽ። ማመኑን ጴጥሮስ ሞክሮታል። ከሱ የሚቆረጠውን በየወሩ አንቺ ትተኪልኛለሽ፣ እስኪያልቅ።" ኃላፊዋ ኮምፒውተሯን የምታይ መሰለች።

"እሺ" አልኩ። ፈረመች። ሰላም ሳትለኝ ወጣች፤ ክፍል ነበራት።

ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። ደመወዜን ሳላየው ባለቤት አገኘ። በጣም ተናደድኩባት። የሚያበግነኝ ደግሞ ትክክል መሆኗ ነው፤ ደግሞም ሌላ ማንም አልፈረመልኝም።

እናቴ ደወለች። ተቀጠርኩ ስላት እልል አለች። "ለማርቆስም ንገሪው፣ ደስ ይለዋል" አለችኝ።

አልነግረውም።