ቤታቸውን ሽጠው መርከብ ላይ የሚኖሩት ሴትዮ

እንደ እናት ላሳደግሽኝ ለውድ እህቴ ለፍሬገነት፤

ከያለንበት የጠበቀን የጌታ ስም ይባረክ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ዱራሜ የበልጉ ዝናብ ጀመረ ወይስ ገና ነው? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን ከማክሰኞ ወዲህ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎኛል። ዳቦ ለጠየቀኝ ሰው ሳሙና እሰጣለሁ። ሱቁ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራው ምሕረቱ አሞህ እንደሆነ ንገረኝ እያለ ይጨቀጭቀኛል።

ማክሰኞ ዕቃ ላመጣ ከአይቮሪ ፓርክ ወደ መሀል ከተማ ወርጄ ነበር። የሀበሻ ሱቆች ባሉበት መንገድ ካርቶኖቼን ደርድሬ መኪና ስጠብቅ፣ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ መጥተው የብስኩት ካርቶኔ ላይ ቁጭ አሉ። መርከባቸው ደርባን ወደብ ቆሞ፣ አገር ለማየት ለአንድ ቀን በአውሮፕላን ከመጡት መንገደኞች አንዷ ናቸው። ከአስጎብኚያቸው ተነጥለው ቀርተዋል። ደነገጥኩ። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አልታደሰም፤ የጠፉ ፈረንጅ ከእኔ ጋር ቢገኙ ማን ያምነኛል? አንገታቸው ላይ ካንጠለጠሉት ካርድ ላይ ስልክ ቁጥር አግኝቼ ደወልኩ። አስጎብኚው በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደሚመጣ፣ ከዚያው እንዳይነሱ ነገረኝ።

አጠገባችን በቆሎ የሚጠብሱ አንዲት የዙሉ አሮጊት አሉ። ስንት ዓመት ሰላም ሳልላቸው አልፌያቸው ስሄድ ኖሬ፣ ያን ቀን ፍርሃቴ ይሁን ሌላ እንጃ፣ “ሳውቦና ጎጎ” አልኳቸው፤ ጤና ይስጥልኝ አያቴ ማለት ነው። ለፈረንጇ በቆሎ ሰጧቸው። ፈረንጇ በየወደቡ እየተጨፈረላቸው እንደሚበሉ፣ እንዲህ ዝም ብሎ የሰጣቸው ሰው ግን እንደሌለ አጫወቱኝ። ጎጎ የፈረንጇ ቤት የት እንደሆነ በእኔ በኩል ጠየቁ።

“ቤቴን ሸጫለሁ” አሉ ፈረንጇ። “አሁን የምኖረው መርከቡ ላይ ነው።”

ባላቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው አውስትራሊያ ነው። እኔ በሰባራ ዙሉኛዬ ቤት የሚለውን “ኢካያ” ብዬ ተረጎምኩ። ጎጎ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ኢካያ አይሸጥም” አሉኝ። “የሚሸጠው ኢንድሉ ነው፤ ግድግዳው። ወገን የሚጠብቃት ኢካያዋ የት ነው በላት።”

ስተረጉምላቸው ፈረንጇ አላለቀሱም። ቃሉን ድገምልኝ ብለው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ የእኔ የት እንደሆነ ጠየቁኝ። ዱራሜ አልኳቸው።

“አሁን ሰው አለበት?”

“እህቴ አለችበት” አልኩ። ብዬ የተደረደሩትን ካርቶኖች እንደገና መደርደር ጀመርኩ። አስጎብኚው ላቡ እየተንጠባጠበ መጥቶ እጃቸውን ይዞ ወሰዳቸው።

ፍሬዬ፣ ባለፈው ሳምንት የአባባን ቤት ሸጠን ለደላላ ከፍለን ታናሽ ወንድማችንን ታዬን በእኔ መንገድ ወደዚህ እንላከው ስትዪኝ፣ እሺ ያልኩሽ እኔው ነኝ። አሁን ቃሌን አጥፌያለሁ፤ እንዳትሸጪው። በስልክ ድምፅሽን ብሰማ ይህን መናገር ስለሚያቅተኝ ነው መጻፌ። ሱቃችን ሁለት ጊዜ መዘረፉን ደብቄሻለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሜ ይህን አገር በወጉ አላየሁትም። ታዬም ቢመጣ የሚቆመው እዚያው ነው። “እሱ አልፎለት እኔን ይከለክለኛል” እንደሚል አውቃለሁ። ይበል። ልክ ልሁን ልሳሳት እኔም አላውቅም፤ ስነሣም ስቀመጥም የማስበው ይህንኑ ነው። ገዢው ሲመጣ ወንድሜ እምቢ ብሏል በይው፤ ጥፋቱ በእኔ ይሁን።

ለባለቤትሽ ለጋሽ ሀቢሶ ከአክብሮት ጋር ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። እምነትንና ረድኤትን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን እትዬ ሳፊያን ጌዴዎን አልረሳሽም በዪልኝ። ለታዬ ደብዳቤውን አንቺ አታንብቢለት፤ ራሱ ያንብበው። ቢሰድበኝም ዝም በይው። የቤቱን ቁልፍ ግን ከእጅሽ እንዳታወጪ።

ወንድምሽ ጌዴዎን
አይቮሪ ፓርክ፣ ጆሃንስበርግ
የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.